ሁለቱን ሕጎች አንድ ላይ ያነበቡት አዋላጅ

በሰፈሩ ሁሉ «አዋላጇ» እየተባሉ የሚጠሩትና የወደቡን ከተማ ሕዝብ ወክለው በምክር ቤት ያገለገሉት እህታችን፣ ክሬን ነጂ ከነበሩት አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከዓሣ ማራገፊያው ጀርባ በሚገኘው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ፣ ከሴት ደግሞ የመጀመሪያ ነበሩ። በልጅነታቸው ከስፌት መኪናው ሥር ተቀምጠው መርፌ ስለሚለቅሙ፣ እናታቸው «ይቺ ልጅ የወደቀ ነገር አያመልጣትም» ይሉ ነበር።

ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈር ጨርሰው በአዋላጅ ነርስነት ተመረቁ፤ በሃያ ሦስት ዓመታቸውም በከተማው ጤና ጣቢያ ተቀጠሩ። የዛሬው ባለቤታቸው በዚያን ጊዜ የወደቡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። የወሊድ ክፍሉ መብራት ተቋርጦ ለጥገና ሲመጡ፣ እህታችን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋቸው «ሽቦው ይቆይና ይህን ባትሪ ይያዙልኝ» አሏቸው። ሰውየው ሕፃኑ እስኪወለድ ላባቸው እየተንጠባጠበ ባትሪውን ይዘው ቆሙ። በዓመቱ ተጋቡ፤ አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ።

ወደ ፖለቲካ የገቡት ፈልገው አልነበረም። ጤና ጣቢያው ለወራት ውኃ ሲያጣ፣ ያገኙትን ባለሥልጣን ሁሉ ደጅ እየጠኑ ውኃውን አስመለሱ። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ አላስቀምጣቸው ብሎ ዕጩ አደረጋቸው። ተፎካካሪያቸው በሬዲዮ «አዋላጅ ደግሞ ስለ ሕግ ምን ታውቃለች?» ብለው ሲሳለቁባቸው፣ «መራጩን ወደዚህ ዓለም ሲመጣ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሚያለቅስ አውቃለሁ» ብለው መለሱ። ከተማው ለሳምንት ሳቀ፤ እሳቸውም በሰፊ ልዩነት አሸነፉ።

ምክር ቤቱ ለዕረፍት በተዘጋ ቁጥር ወደ ከተማው እየተመለሱ በሲኒማ አዳራሹ ለመራጮቻቸው ያስረዱ ነበር። ምን እንደ ጸደቀ፣ እሳቸው ለምን እንደ ደገፉ ወይም እንደ ተቃወሙ፣ ያልገባቸውንም ጭምር «ይህ አልገባኝም፤ ጠይቄ እነግራችኋለሁ» እያሉ ነበር የሚናገሩት።

ባለፈው ዓመት ከአንድ የውጭ መንግሥት ጋር የሚደረግ የጸጥታ ስምምነት ለምክር ቤቱ ቀረበ። ስምምነቱ የዚያ አገር ወታደሮች ወደባችንን እንዲጠብቁ፣ በዙሪያው ያለውንም ሰፈር ሚኒስትሩ «ልዩ የጥበቃ ቀጠና» ብለው እንዲያውጁ ይፈቅድ ነበር። ገና ድምፅ ሳይሰጥበት ግራጫ መርከቦች ከወደቡ ማዶ መልሕቅ ጥለው ታዩ። ብዙም ሳይቆይ የምርጫ ሕጉ ማሻሻያ ተከተለ። በማሻሻያው መካከል ማንም ልብ ያላለው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ በልዩ የጥበቃ ቀጠና ውስጥ ሁኔታው እስኪፈቅድ ድረስ ምርጫ አይካሄድም ይላል።

ሁለቱም ገና ያልጸደቁ፣ ግን ለሕዝብ የታተሙ ረቂቅ ሕጎች ነበሩ፤ የተደበቀ ነገር አልነበረባቸውም። እህታችን ያደረጉት ነገር ቢኖር በሲኒማ አዳራሹ ቆመው አንዱን ከሌላው አስከትለው ማንበብ ብቻ ነው። አንብበው ሲጨርሱ አንዲት ዓሣ ነጋዴ ተነሡና «እስኪፈቅድ ማለት እስከ መቼ ነው ልጄ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ቀን የለውም እናቴ። ደጋግሜ ፈልጌ አጥቻለሁ» አሉ እህታችን።

ሰዉ እንደ ወትሮው በሩ ላይ ቆሞ ማውጋቱን ትቶ ወደየቤቱ ሄደ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የፓርቲያቸው ተጠሪ ወደ ቤታቸው መጡ። የቆየ ወዳጅ ነበሩ፤ ሁለቱንም ልጆቻቸውን ያዋለዱላቸው እህታችን ናቸው። የቀረበላቸውን ሻይ ሳይነኩ ቁጭ አሉ።

«እህቴ፣ ተቃወሚ። መብትሽ ነው፣ ማንም አይነካሽም። ሁለቱን አገናኝተሽ ለሰው ማንበቡን ግን ተዪው። እግርሽ ላይ ልውደቅ።»

«የታተመውን እኮ ነው ያነበብኩት። ምን ጨመርኩበት?»

«ምንም አልጨመርሽም። ጥፋቱም እሱ ነው» አሉና ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ከእንግዲህ እኔ አልመጣም። የሚመጣው ሌላ ሰው ነው» አሉ።

ሁለቱም ሕጎች በብዙ ድምፅ ጸደቁ። እህታችን ከተቃወሙት ጥቂቶች አንዷ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የሲኒማ አዳራሹ «ጥገና ላይ ነው» ተባለ፤ ጥገና የሚሠራበት ሰው ግን አላየንም። እሳቸው በዓሣ ማራገፊያው በተገለበጠ ሣጥን ላይ ቆመው ማስረዳታቸውን ቀጠሉ። ሰሚው በየጊዜው እየሳሳ ሄደ፤ ከዳር ቆመው ምንም የማይገዙ ሰዎች ግን አንድም ቀን አልቀሩም። ባለቤታቸው አዲሱን የወደብ መግቢያ ፈቃድ ተከልክለው ከሥራ ወጡ። የውጭዎቹ ወታደሮች በወደቡ ዙሪያ ያቆሙት የሽቦ አጥር ከመርከቦቹ መቆሚያ ተነሥቶ መንገዱን ተሻገረ፤ በመጨረሻም የከተማውን ሆስፒታል ወደ ውስጥ አስገባው። ልጆቻቸው «ለምን ዘመድ ጋ አትሄጂም?» ብለው ሲጨቀጭቋቸው፣ «የመረጠኝ እዚህ አይደል? እዚያ ሄጄ ማንን ልወክል?» ይሉ ነበር። ይፈሩ እንደ ነበር እናውቃለን። መኪና ከደጃቸው ሲቆም ወሬያቸውን አቋርጠው ያዳምጡ ነበር።

ለዓመታት በመድኃኒት ሲታገሡት የኖሩት የልብ ሕመም ባለፈው ማክሰኞ እኩለ ቀን ገደማ ጠናባቸው። ባለቤታቸው በጎረቤት መኪና ይዘዋቸው ወደ ሆስፒታሉ ገሠገሡ። በአጥሩ ኬላ ላይ ቋንቋችንን የማይናገር ወታደር ፈቃድ ጠየቃቸው። አስተርጓሚው መጣና «ይጠብቁ፤ ስማቸው እየተጣራ ነው» አላቸው። ከኋላቸው የመጡ መኪኖች ግን አንድ በአንድ አለፉ።

እህታችን በመስኮቱ ይህን ሲያዩ ቆይተው «ሞተሩን አጥፋው። እነዚህ ይቆያሉ» አሉ።

ፈቃዱ ሲመጣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ ቀዝቅዞ ነበር። በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ሆስፒታሉን በዓይናቸው እያዩ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

በሕግ መሠረት ምትካቸው በአዲስ ምርጫ መመረጥ ነበረበት። ትናንት ጠዋት ከተማችን በሙሉ በልዩ የጥበቃ ቀጠናው ውስጥ መካተቱ በሬዲዮ ተነግሯል። ስለዚህ ወንበራቸው ሁኔታው እስኪፈቅድ ድረስ ባዶ ይቆያል።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና ይህን ታሪክ የጻፍኩትን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። በሐዘናችን ከጎናችን የቆማችሁ ሁሉ፣ ብድራችሁን በደስታ ይመልስልን። በመቃብሩ በር ላይ ቆመው ስም የሚመዘግቡት ሰዎች ቤተሰቡ ያቆማቸው አይደሉም። ስትወጡ በታችኛው በር በኩል፣ ሽማግሌዎችንና ልጆችን መካከል አድርጋችሁ አብራችሁ ውጡ፤ ማንም ብቻውን አይሂድ።

ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ ማንም ፈቃድ ከማይጠየቅበት ደጅ ያስገባልን። እኛንም በሰላም ለቤታችን ያብቃን።