ወንዴው ኮሶ

ይድረስ ለቀድሞ እጮኛዬ፤

ጤናህ እንዴት ነው? የአዲስ አበባ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኔ ለክፉ አልሰጠኝም። ወልድያም እንዳለች ናት፤ ባጃጁም አቧራውም በቦታው ነው።

በጓደኛችን በሂሩት በኩል የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። ፈታኞችህ ጥናትህን ፊታችን ድገመው ቢሉህ፣ በኮሶ አበባ ውስጥ ትል ገዳዩን ንጥረ ነገር የሚያሠሩት ዘረመሎች ድምፃቸው ጠፋ አሉ። አበባውን ከየትኛው ዛፍ እንደለቀምሽው ንገሪኝ፣ ዲግሪዬ ሊሰረዝ ነው ብለሃል። ሳቄ መጣ። ጥናቱ የራስህ ከሆነ ዛፉን እኔን ምን ያስጠይቅሃል?

ቢሆንም እነግርሃለሁ። የጥናቴን ውጤት ከኮምፒውተሬ ገልብጠህ፣ ከላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ አንዱን የአበባ ከረጢት አንስተህ ስትጠፋ የወሰድከው «ወ» የተጻፈበትን ነው። ወልድያ መስሎህ ነው አይደል? ወንዴ ማለቴ ነበር። መርሳ ቆላው ላይ አድገህ ኮሶ ወንድና ሴት እንዳለው ከየት ታውቃለህ! እኛ ደጋ ያደግነው የምንጠጣው የሴቴዋን ቀይ አበባ ነው። ዘረመሎቹ ወንዴውም ውስጥ አሉ፤ ግን ተኝተዋል። ውጤቱ የሴቴዋ፣ አበባው የወንዴው ሆኖ ነው የተጋጨብህ። ሴቴዋ ደግሞ የዘንድሮ አበባዋን አራግፋለች፤ እንግዲህ ለከርሞ ጠብቅ።

አልደብቅህም፣ አንጀቴ አሯል። ሽማግሌ እልካለሁ ብለህ አባቴን ድግስ አስደግሰህ ቀረህ፤ እሱን እንኳ እችለው ነበር። ለእናትህ ግን ጥናቴን ልትሰርቀኝ ስትል ይዣት ተውኳት ብለህ ነገርካቸው። ልጄ ሲሉኝ የኖሩ ሴት መርሳ ገበያ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ሰላምታዬን እንኳ አልመለሱም። በሰው መሀል ሌባ ሆኜ ቆምኩ። ያን ቀን ያደረብኝ ቂም እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ እንዲለቀኝም አልፈልግም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልልከውም። ሳላሽገው ነገ መርሳ ወርጄ ለእናትህ ለእማማ ፋንቱ እሰጣለሁ፤ ስንቅህን ሲልኩልህ አብሮ ይደርስሃል። ፊደል ባይቆጥሩም ጎረቤታቸው ውባለም ጥሩ ታነባለች፤ ድምጿም እስከ መንገድ ይሰማል።

እግዚአብሔር የፈታኞችህን ልብ ያራራልህ።

የቀድሞ እጮኛህ

እማማ ፋንቱ፣ እስከዚህ ካስነበቡ፣ እንደምን ሰነበቱ? እግዚአብሔር ያጽናዎት።