አንቺሆዬ በአርሞኒካ

ላሊበላ፣ የካቲት 1979 ዓ.ም.

ውድ ምስጋኑ፣

ይህ ደብዳቤ ይድረስህ አይድረስህ አላውቅም። ደርበው በጭነት መኪናው ደሴ ያደርሰዋል። እዚያ ካለ አንድ ወታደር ጋር ተነጋግሯል፤ ወታደሩ ወደ ሰሜን ሲመለስ ይፈልግሃል። መንገዱ ብዙ ስለሆነ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። እዚህ ሞተሃል ተብሎ ተለቅሶልሃል። ተዝካርህን ለማውጣት እህል ተፈጭቶ፣ ጠላ ተጠምቆ ነበር። አሁን ግን በሕይወት እንዳለህ እናውቃለን። ያወቅነው በአነፋፍህ ነው።

መርዶውን ያመጣው ሰጠኝ ነው፤ ከአንተ ጋር በአንድ ዙር ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደው የወገል ጤናው ልጅ። ተሰናብቶ ሲመለስ አገሩ ሳይገባ መጀመሪያ ወደ እኛ መጣ። ለእናትህ የነገራቸው አጭር ነበር። በጥቅምት ወር ምሽጋችሁ ላይ ከባድ መሣሪያ ወደቀ፣ አቧራው ሲረግብ አንተ የለህም፣ አርሞኒካህ ብቻ አፈር ውስጥ ተገኘች። በመሐረብ ጠቅልሎ ያመጣትን ሰጣቸው። እትዬ ወለተ ሩፋኤል ያቺን ሲያዩ ሌላ ምስክር አልጠየቁም። እኛም አልጠየቅንም። ምስጋኑ በነፍስ ካለ አርሞኒካውን ጥሎ አይሄድም አልን። የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው፤ ከዚህ አገር ውጭ ማንም እንዲህ ብሎ አይሳሳትም።

እንደምታውቀው እኔ አርሞኒካ እሸጣለሁ እንጂ አልነፋም። ገዢ ሁሉ ሳይገዛ አንድ ጊዜ ይሞክራት ስለነበር በእነዚህ ዓመታት ሱቄ በረንዳ ላይ ያልሰማሁት ነፊ የለም። በዕለት ማስታወሻዬ ላይም ከገብስና ከጨው ዋጋ ቀጥሎ ያን ቀን ማን ምን እንደተጫወተ እጽፋለሁ። አብዛኛው ሰው አርሞኒካን እንደ ፊሽካ ነው የሚነፋው። ሥራ ያስፈቱኝ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ደርበው የሚጫወተው በምላሱ ነው። አርሞኒካዋን በሰፊው ይጎርሳትና ምላሱን ቀዳዳዎቹ ላይ እያሳረፈ ያነሣል። ዜማው በአንድ በኩል ሲሄድ በሌላው በኩል ዱብ ዱብ የሚል ምት ይወጣል። መኪናው ተጭኖ የጋሸናን ዳገት ሲወጣ የሞተሩ ድምፅ ልክ እንደዚያ ነው፤ ራሱም ከመኪናዬ ተማርኩ ይላል። እሱ ሲነፋ የማንም እግር ዝም አይልም። ጉድለቱ፣ አንድን ዜማ እንዳለ ትቶት አያውቅም፣ የራሱን ይጨምርበታል። ወሬም ላይ እንዲሁ ነው።

የቀበሌው ኪነት ቡድን አባል ገለቴ ደግሞ ሌላ ናት። በከንፈሯ ጫፍ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ትይዛለች፤ ከመንፋት ይልቅ አየሩን ወደ ውስጥ መሳብ ትወዳለች። ትዝታን ስትጫወት ድምፁ መጀመሪያ ያመነታል፣ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ቦታው ላይ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ በስብሰባ መሐል ሊቀ መንበሩ «ጓዲት ገለቴ፣ ሕዝቡን ቀስቅሺ ተባልሽ እንጂ አስተኚ አልተባልሽም» አላት። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይኸው እርስዎ ነቅተው የለም?» አለችው። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ትዝታውንም እስከ መጨረሻው ተጫወተችው።

ከሁለቱም የምትበልጠው አንተ ነህ። ፊት ለፊት ነግሬህ አላውቅም፤ የምፈልገውን ዕቃ ማሞገስ አልለመድኩም። የሌሎቹ ዜማ የሚያበቃው ትንፋሻቸው ሲያልቅ ነው፤ ያንተ የሚያበቃው ቃሉ ሲያልቅ ነው። ይህ የዜማ ቤት ትምህርትህ ነው። አርሞኒካ ሲነፉትም ሲስቡትም ስለሚጮኽ አንተ ለመተንፈስ አትቆምም፤ መተንፈስህ ራሱ ዜማው ውስጥ ነው። አንቺሆዬም አለልህ። ትዝታና ባቲ፣ አምባሰልም ጭምር እኔ ከምሸጣት ተራ አርሞኒካ ይወጣሉ። አንቺሆዬ ግን አይወጣም፤ የሚፈልጋቸው ድምፆች ቀዳዳዎቹ ውስጥ የሉም። ደርበው ሞክሮ ትቶታል። ገለቴም «ፋብሪካው የረሳውን እኔ ከየት ላምጣ?» ትላለች። አንተ ትንፋሽህን ጉሮሮህ ላይ እያጠመምክ፣ በሁለት ድምፆች መካከል የሌለውን ሦስተኛ አወጣኸው።

ቀኝ እጅህን ደግሞ ማን ይረሳል? በግራህ ትይዛታለህ፣ በቀኝ መዳፍህ ከኋላዋ ጎጆ ትሠራላታለህ፣ እየከፈትክና እየዘጋህ ድምፁን ታርገበግበዋለህ። እናትህ «እንደ ታረደ ዶሮ አታርገፍግፈው፣ ሰው ያያል» ይሉህ ነበር።

ተዝካሩ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው እሑድ ሊሆን ተቀጠረ። ሐሙስ ዕለት ደርበው ከወልድያ ገባና ጭነቱን ሳያወርድ ሱቄ ውስጥ ዘሎ ገባ። ካሴት ይዟል።

«አንተ ምናለ፣ ቴፑን አምጣ!»

«መጀመሪያ ጨዌን አውርድ።»

«ጨው የትም አይሄድም! ስማ ብቻ።»

ካሴቱን ያገኘው ከደሴ ካሳፈራቸው ወታደሮች ከአንዱ ነው። ሰሜን አንድ ካምፕ ውስጥ በዘንድሮው የገና ማታ የተቀዳ ጨዋታ ነው። ባለ ካሴቱ ወታደር ያን ማታ እዚያው ነበር፤ ግን ድንኳኑ ስለሞላ ከውጭ ሆኖ ነው የሰማው፤ አርሞኒካ የነፋውን ሰው መልኩንም ስሙንም አያውቅም። መጀመሪያ ዘፈን፣ ቀጥሎ ቀልድ፣ ከዚያ አንድ አርሞኒካ አንቺሆዬ ጀመረ።

«እሱ ነው» አለ ደርበው።

«አይደለም» አልኩ።

«አንቺሆዬ ነው እኮ! ከእሱ ሌላ ማን ይችለዋል?»

«አገሩ ሰፊ ነው። ሌላ የሚችል እንደሌለ በምን አወቅህ?»

«ኧረ አንተ ሰው፣ ጆሮህንም ቆልፈህበት ነው የምትወጣው?»

እንዲህ የጨከንኩት ወድጄ አይደለም። ደርበው ደስ ካለው የሞተ ሰው ሲሄድ አየሁ ሊል ይችላል። አለ ብለን ነግረናቸው ሳትኖር ብትቀር፣ እናትህ ሁለተኛ ሊያለቅሱህ ነው፤ ያንን ሁለተኛ ለቅሶ የማሸክማቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ካሴቱን መልሼ ሰማሁ። ትንፋሹ ያንተ ነው፤ ቃሉ ሳያልቅ አልተቆረጠም። የጠመመውም ድምፅ ያንተ ነው። ግን ጎጆው የለም። ድምፁ አይርገበገብም፤ በር እንደሌለው ቤት ወለል ብሎ ተከፍቷል። አይደለም ያሰኘኝ ይህ ነበር።

እንደገና መለስኩት። ነፊው ከመጀመሩ በፊት አርሞኒካውን ያራግፋል። አንተ ሁልጊዜ የምታራግፈው መዳፍህ ላይ ነበር፣ ጠፍ ጠፍ ይል ነበር። ካሴቱ ላይ ያለው ግን ጨርቅ ላይ ነው፤ የታፈነ ድምፅ አለው። ጭኑ ላይ ነው የሚያራግፈው።

ከመደርደሪያ አንዲት አርሞኒካ አውርጄ ለደርበው ሰጠሁት።

«ቀኝ እጅህን ወደ ኋላ አድርግና ንፋ።»

«ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?»

«ንፋ አልኩህ።»

በአንድ እጁ ይዞ ትንሽ ትዝታ ነፋ። ድምፁ በር እንደሌለው ቤት ወለል አለ። ደርበው ራሱ ሰማውና አቆመ። አርሞኒካዋን ባንኮኒው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

«እጁ» አለ።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። አርሞኒካህ ምሽጉ ውስጥ የቀረችው ባለቤቷ ሞቶ አይደለም፤ ተሸክመው ሲያወጡህ ስለ እሷ የሚያስብ ሰው ስላልነበረ ነው። ደብዳቤህ የጠፋውም የምትጽፍበት እጅ ያው ቀኝህ ስለነበረ ነው። ከደርበው ጋር ተማከርን፤ በሕይወት መኖርህን እንንገር፣ የእጅህን ነገር ግን አንተው ራስህ ስትመጣ ትንገራቸው አልን።

በማግስቱ ቤታችሁ ሄድን። እትዬ ወለተ ሩፋኤል ከል ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ እህትህ ባንችይርጋ ጠላ ታጠልላለች፤ የነፍስ አባታችሁ መምሬ ገብረመስቀልም ስለ እሑዱ ፍትሐት ሊነጋገሩ መጥተዋል። ቴፑን ከፈትኩ። ሲያበቃ ስለ ትንፋሹና ስለ አንቺሆዬው አስረዳሁ።

«ልጄ ምናለ፣ ይህ በሚዛን የሚለካ ነገር አይደለም። እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ መምሬ።

«አባቴ፣ እስከ ዛሬ ምዬ የተናገርኩት ስለ ጨው ጥራት ብቻ ነው። ዛሬ ስለዚህም እምላለሁ።»

«እንግዲያማ በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አልፈታም።»

ባንችይርጋ እየሳቀችና እያለቀሰች «ታዲያ ይህ ሁሉ ጠላ ምን ሊሆን ነው?» አለች።

«በመድኃኔ ዓለም ስም ዘክሩት። ጠላ ጠጪ አያጣም፤ እኔም አለሁ» አሏት መምሬ።

እናትህ ድገመው አሉኝ፣ ደገምኩት። እንደገና አሉኝ፣ ደገምኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚሰሙት። ከዚያ ከሉን ከትከሻቸው አውልቀው ለባንችይርጋ ሰጧት። ነገሩ በሰላም አለቀ ብዬ ቴፑን አንሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

«ምናለ።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«እጁን ሳትነግረኝ ልትሄድ ነው?»

ደርበው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«የትኛውን እጅ፣ እትዬ?» አልኩ። እንዲህ ያለ የማይረባ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

«ያንን ሲያርገፈግፈው የኖረውን ነዋ። አታርገፍግፍ፣ አታርገፍግፍ ስለው ኖሬ፣ ይኸው አረፈልኝ።»

ቴፑን መልሼ መደቡ ላይ አስቀመጥኩ። መምሬም መስቀላቸውን አወጡ። እናትህ ብቻ ነበሩ የተረጋጉት።

«በል ሂድና ጻፍለት» አሉኝ። «ለእጅ ተዝካር አይወጣም በለው። ይምጣ።»

እንግዲህ ጻፍኩልህ። የላኩኝን አድርሻለሁ፤ የሚቀጥለው የራሴ ነው።

ለምን ዝም እንዳልክ እገምታለሁ። በአንድ እጅ እርፍና ጅራፍ አይያዝም፣ ለእናቴም ለእህቴም ሸክም እሆናለሁ ብለህ አስልተሃል። እኔም በቦታህ ብሆን እንደዚያው ነበር የማስበው። ግን ያላሰብከው ነገር አለ። እኔ ሱቄን ትቼ ወደ ወልድያ ስወርድ በሩን ክፈትልኝ የምለው፣ የተማረና የማምነው ሰው ካጣሁ ቆይቻለሁ። ለዚህ ሥራ አንድ እጅ ይበቃል። አዝኜልህ እንዳይመስልህ፤ አዝኜ ሰው ቀጥሬ አላውቅም።

ሌላም ልጨምር። ካሴቱን ገለቴ መጥታ ሰማችው። ጉንጯን ይዛ «ይኸ ሰውዬ ገና አሁን መጫወት ጀመረ» አለች። አልተሳሳተችም። ድሮ እጅህ ለዜማው ልብስ ያለብሰው ነበር። አሁን ራቁቱን ነው የቆመው፣ ግን አያፍርም። እጅህ ያርገበግበው በነበረበት ቦታ አሁን ዝም ትላለህ፤ ያችን ዝምታ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚጠብቃት። እኔ ከሰማኋቸው ሁሉ፣ የበፊቱን አንተንም ጨምሬ፣ እንዲህ የተጫወተ የለም።

ወይ በግራ እጅህ አንዲት መስመር ጻፍ፣ ወይ ሌላ ካሴት ላክ፣ ወይ ራስህ ና። እናትህ ሦስቱንም ማንበብ ይችላሉ።

አክባሪህ፣
ምናለ