ማንያህልሻል ጁባ ናቸው

ሠርፄ ወንድሜ፣ የጁባ ሙቀት ያፍናል፤ እኔ ግን ደህና ነኝ።

በድጋሚ ታትሞ ሳምንቱን ሙሉ ያስለቀሰን የማንያህልሻል ሸክላ ላይ «ነፍሷን ይማር» ተብሎ ተጽፏል አይደል? ውሸት ነው። እትዬ ማንያህልሻል እዚሁ ካቶር ሰፈር ምግብ ቤት አላቸው። የአንገታቸውን ንቅሳት ከሽፋኑ ፎቶ አውቄው ብጠይቃቸው፣ አልካዱም።

አንተ ቤት ያ ሸክላ ሲከፈት ማንም ትንፍሽ አይልም፤ እዚህ ግን ጀነሬተር እየጮኸ መዝሙር ነው የሚሰማው። ዘፈናቸውን ስልኬ ላይ ልከፍትላቸው ስል እጄን ያዙኝ። «ጌታን ካገኘሁ ወዲህ ዘፈን አልሰማም፤ ያቺ ዘፋኝ እውነትም ሞታለች» አሉኝ። አፈርኩ።

ሳህኑን ሊያነሱ ሲመጡ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ የሚሰማውን ሳል ቆርጠውታል?» አሉኝ። አንተ ቀረጻውን አበላሸ እያልክ የምትረግመውን ሳል! አለመቆረጡን ስነግራቸው ተቀመጡ። «የሳለው ኦርጋን ይጫወት የነበረው ባለቤቴ ነው፤ ከሞተ ወዲህ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም። ሳል ዘፈን አይደለም፤ እሱን ብቻ አሰማኝ።»

አራት ጊዜ ደገምኩላቸው።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እየሩስንና ልጆቹን ሳምልኝ። ያንን ሳል ከእንግዲህ እንዳትረግምብኝ።

ባምላክ