ልብስ ሰፊው ደጃፍ ለቆመው

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ከርመሃል? የባለቤትህስ ጉልበት ተሻላት? አንተን በመስኮት ስለማይህ እንዳልከሳህ አውቃለሁ፤ መንገዱን ስትሻገር ሆድህ ነው ቀድሞህ የሚደርሰው። ስለ እኔ ከጠየቅህ፣ ጥርሴ አልቆ ነገሬ ሳያልቅ አለሁ፤ ፈጣሪ ይመስገን፣ ለነገር ጥርስ አያስፈልግም። አእምሮዬ ግን እንደምታውቀው ደክሟል። የመሰከርክልኝ አንተ አይደለህ?

የምጽፍልህ ስለ ተማሪዬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ክፍል ሙሉ ልጅ ሳስተምር ኖሬ ዛሬ አንዲት ተማሪ ብቻ ቀርታኛለች፤ እሷም ያንተው ልጅ ናት። ታሪክ ወድቃ ድጋሚ ልትፈተን ነውና ያስተምራት ብለህ በእናቷ በኩል ላክህብኝ። ራስህ አልመጣህም። ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ግቢው በር ታደርሳትና መንገዱን ተሻግረህ ልብስ ሰፊው ደጃፍ ትቆማለህ፤ ስልክህን እየነካካህ። ልብስ ሰፊው አንድ ቀን፣ ይህ ሰውዬ ሱሪ ሊያሰፋ ነው ወይስ ሱቄን ሊዘርፍ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቀውም አልኩት። ምን ላድርግ፣ እረሳለሁ።

ጠበቃዋን ልጅህን የሮምን ታሪክ ያስተማርኳት እንደ ድሮው በጨዋታ ነው። ጠበቃዋ የምላት ሳትከራከር ውሃ ስለማትጠጣ ነው። አንተንም እንዲሁ ነበር ያስተማርኩህ። አንሶላ ተከናንበህ ቄሣር ነኝ ስትል እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቄሣር ሆይ አንሶላዬን እንዳታቆሽሽ ትልህ ነበር። ከልጅህ ጋርም ሪፐብሊኩን አፈረስን፣ መንገድ ዘረጋን፣ ከተማዋን አቃጠልን። ከዚያ ክርስቲያኖቹ ጋ ደረስን።

ዳኬዎስ የሚባለው ቄሣር ሰው ሁሉ ለአማልክት ይሠዋ፣ የሠዋም የምስክር ወረቀት ይቀበል ብሎ አወጀ። እኔ ዳኛ ሆኜ ወንበሬ ላይ ተኮፈስኩ። ፊቴ ሳህን አኖርኩና በዕጣን ፋንታ ጨው ሰጠኋት። እሷ የምትወድ ክርክር ነው፤ አልሠዋም ብላ ስትሟገተኝ ለአንበሳው አሳልፌ ልሰጣት አሰፍስፌ ነበር። እሷ ግን ጨውን ቆንጠር አድርጋ ሳህኑ ላይ ጣል አደረገችና ተመልሳ ተቀመጠች። ምነው ብላት፣

«ልጆች አሉኝ። ደግሞም ጨው ነው» አለችኝ።

ሳቅሁ።

ወዲያው ግን ያ የትምህርት ቤታችን ስብሰባ ታየኝ። ርእሰ መምህሩ ለባለጸጋው ልጅ ነጥብ ጨምርለት ብሎኝ እምቢ ስላልኩ፣ ሰውየው ጃጅተዋል፣ የተማሪ ወረቀት ያምታታሉ ብሎ መምህራኑን ሰበሰበ። የሚመሰክር አለ ወይ ሲል ባልደረቦቼ ሁሉ ጠረጴዛ ጠረጴዛውን አዩ። የሒሳብ መምህሩ አንተ ብቻ ተነሥተህ፣ «መምህሩ ይዘነጋሉ» አልክ። መምህሩ! አባቴ ለማለት እንኳ አፍህ ከበደው። እኔ ጠመኔዬን አስረክቤ ወጣሁ፤ አንተ በዚያው ክረምት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሆንክ።

ይህን ለልጅህ ተንፍሼ አላውቅም። ተሳዳቢ ብሆንም የአባትን ገመና ለልጅ አልዘረዝርም።

እሷ ግን ጨዋታውን አልጨረሰችም። የሠዉት ሰዎች ኋላ ምን ሆኑ አለችኝ። መከራው ሲያልፍ ብዙዎቹ እንመለስ ብለው መጡ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ይግቡ አይግቡ ተባብለው ተጣሉ፣ እስኪወሰን እነሱ ደጅ ቆመው ያለቅሱ ነበር አልኳት። የታሰሩትና የተገረፉትስ ምን አሉ አለች። ጠበቃ አይደለች፣ ምስክር ጠራች። አንዳንዶቹ ከእስር ቤት ሆነው ደብዳቤ ይጽፉ ነበር አልኳት፤ የተሰቃየነው እኛ ታርቀነዋልና ይህን ሰው አስገቡት የሚል።

ጨው የነካ ጣቷን ላሰችና ወደ መስኮቱ ሄደች። ዝናቡ ይወርዳል። አንተ ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ተለጥፈህ ጫማህ ይበሰብሳል።

«አባባ፣ ታዲያ አንተስ አትጽፍለትም? አባዬ እኮ ደጅ ነው።»

ማን ነገረሽ አልኳት። አንተው ራስህ መኪና ውስጥ እንደነገርካት፣ በስብሰባው ያልከውንም ቃል በቃል፣ ሳታሳምር እንደነገርካት ነገረችኝ። ይሄን ከአንተ አልጠበቅሁም ነበር።

እንግዲህ ጻፍኩ። ግን ይህ ያ ደብዳቤ እንዳይመስልህ። እነዚያ ሰማዕታት ነበሩ፤ እኔ ቂመኛ ሽማግሌ ነኝ። ደግሞ አንበሳ እንኳ የሚበላው የማያውቀውን ሰው ነው። ጠበቃዋ በትከሻዬ ላይ አንገቷን አስግጋ ይቅር ብዬሃለሁ የሚለውን ፈልጋ አጣችው፤ አኩርፋለች። ቃሉ እጄ ላይ አልመጣም። ያልተገኘ ነጥብ አልሞላም፤ የተባረርኩትም በዚሁ ነው።

ትምህርታችን ዛሬ አለቀ። ማክሰኞ ትፈተናለች፣ ታልፋለችም። ካለፈች ቅዳሜ እዚህ የሚያመጣት ነገር የለም፤ አንተንም ደጃፍ የሚያቆምህ የለም። እኔም መስኮቱን ዘግቼ እቀመጣለሁ።

ይህን ይዛልህ የምትወርደው እሷ ናት። ደረጃው ያው የድሮው ነው፤ ከላይ ያለው እርከን አሁንም ይነቃነቃል፣ ተጠንቀቅ። ስታንኳኳ፣ ማነው ብዬ ብጠይቅ አትቀየም፤ እንደምረሳ በጉባኤ የመሰከርክ አንተ ነህ። መምህሩን ፈልጌ ነው ካልክ መምህሩ የሉም፣ ተባረዋል። ምን ማለት እንዳለብህ ታውቃለህ። ጮክ ብለህ በለው፤ ጆሮዬም ደክሟል።

ፈጣሪ እግርህን ከእርጥበት ይጠብቅልህ። አንተም ስታረጅ፣ ሰው በተሰበሰበበት ልጅህ ስለ አንተ ስትጠየቅ፣ ተነሥታ «አባቴ ነው» የምትል ያድርግልህ።

አባትህ