የእትዬ ዘሀራ ግድግዳ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ለልጄ ለሐያት የታመመ እግር ይበጃል ብዬ ያሠራሁት መዋኛ ገንዳ ውሃው እየሰረገ የጎረቤታችንን የእትዬ ዘሀራን ግድግዳ ሰነጠቀው። ዛሬ ኮንትራክተሩን ጀማልን አስጠራሁት።

«ወላሂ፣ መሬቱ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ዋልካ ስለሆነ ነው። ገንዳው ላይ ሴራሚክ ሲለጠፍ ፍሳሹ ይቆማል» አለኝ።

«አፍርሰህ እንደገና ሥራው!» ብዬ ጮኽኩበት።

እትዬ ዘሀራ ግን ክንዱን ይዘው ቤታቸው አስገቡትና መዳፉን እርጥቡ ግድግዳ ላይ አሳረፉት።

«ልጄ፣ እናትህን እዚህ ታስተኛታለህ?» አሉት።

ጀማል አንገቱን ደፋ። «ነገ መጥቼ አፈርሰዋለሁ» ብሎ ሄደ። ከሄደ ጀምሮ ግን ስደውልለት ስልኩን አያነሳም።

ውሃውን ራሴ በባልዲ ማስወጣት ጀመርኩ። ሐያት «አባዬ፣ ውሃዬን ለምን ትደፋዋለህ?» ስትለኝ ባልዲውን እንደገና ነከርኩት። ግድግዳው እንዳይወድቅባቸው ፈርቼ እትዬ ዘሀራን ዛሬ እኛ ቤት ይደሩ ብላቸው እምቢ አሉ። በጨፋ ሜዳ በኩል ሰማዩ ሊዘንብ ጠቁሯል፤ ገንዳው ግን ገና እስከ ግማሹ ውሃ አለው።