ሐያት የመረጠችው ካርድ

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ዛሬ ደሴ ደርሼ መጣሁ። ልጄ ሐያት ለጌም ኮምፒውተሯ ከመረጠቻቸው ዕቃዎች ፕሮሰሰሩን ገዛሁ፣ ራሙንም ገዛሁ፣ ፓወር ሰፕላዩንም ገዛሁ። ጌሙን የሚያስኬደውን ግራፊክስ ካርድ ብቻ ተውኩት። ሱቁ ውስጥ ነበር፣ በእጄም ይዤው ነበር። ዘንድሮ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፤ ጌሙ ትምህርቷን ያስጥላታል ብዬ ፈራሁና መለስኩት።

ቤት ስገባ "ካርዱስ አባ?" አለችኝ።

"ገበያ ላይ ጠፋ።"

"ወላሂ?"

"ወላሂ" አልኳት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ እንጃ።

እኛ ቤት ወላሂ ከተባለ ሁለተኛ አይጠየቅም። ወንድሟ ከማል ግን ሳቀ። "ደሴን የሚያህል ከተማ አንድ ካርድ ታጣበት? አባ ረስቶት ነው የመጣ!"

"ዝም በል አንተ! ወላሂ ብሏል እኮ!" ብላ ተቆጣችው።

ከዚያ ስልኳን ይዛ በአቅም ከዚያኛው የሚያንስ ካርድ ትፈልግ ጀመር። "አይዞህ አባ፣ ይሄም ይሠራል" ትለኛለች፣ እኔኑ ልታጽናና።

ነገ ለባለሱቁ ደውዬ ካርዱን በአውቶቡስ ላክልኝ ልለው አስቤያለሁ። ሲመጣ ግን ምን ልላት ነው? "ተገኘ" ካልኳት ሌላ ውሸት ነው። እውነቱን ከነገርኳት ደግሞ ከእንግዲህ ወላሂ ስላት...