«ታሪክ የለዎትም» የተባሉት የአቶ ፔሳሚኖ ታሪክ

ወንድማችን ፔሳሚኖ ላፋኤሌ፣ በኋላም በማዕረግ ስማቸው ታፋኦሎ ፔሳሚኖ፣ ከአባታቸው ከታፋኦሎ ላፋኤሌ ኢዮፑና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሊያ ሴኡላ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1961 በሳሞአ፣ በሳቫይኢ ደሴት፣ በአሳው መንደር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከስድስት ልጆች የመጀመሪያው ሲሆኑ ይህን የምጽፈው እህታቸው ሲኒቫ አምስተኛዋ ነኝ። መጋቢያችን ከሁለት ገጽ እንዳላልፍ አስጠንቅቀውኛል። ወንድሜ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ አንድ ገጽ ይበቃል ይሉ ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱም እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ፊደል የቆጠሩት በመንደሩ መጋቢ ቤት ነው። አንደኛ ደረጃን በአሳው፣ ሁለተኛ ደረጃን በአፒያ ተከታትለው አጠናቀዋል። ከሁሉ በላይ ግን የተማሩት ከአያታችን ከኢዮፑ ነው። አያታችን ማታ ማታ የዘር ሐረጋችንን ሲያስቆጥሩን እኛ ሦስተኛው ትውልድ ላይ እንቅልፍ ይጥለን ነበር። ፔሳሚኖ ግን አሥራ አንዱንም ትውልድ፣ ከነሚስቶቻቸውና ከነመሬታቸው፣ ሳያዛንፉ ይወጡት ነበር።

ከትምህርት በኋላ በመንደራችን የእንጨት መሰንጠቂያ ለሃያ ዓመት ገደማ ሠርተዋል። በ1986 ከወይዘሮ ፉአቲኖ ጋር ጋብቻ መሥርተው ኤሴታን፣ ቶማሲን፣ ሊታንና ፓውሎን ወልደዋል። በ2004 የኒውዚላንድ መኖሪያ ዕጣ ስለደረሳቸው ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ኦክላንድ መጡ፤ ማንገሬ ሰፈርም ኑሮ ጀመሩ። ሥራቸው የሆስፒታል አንሶላ በሚታጠብበት ትልቅ ላውንደሪ ነበር። በሁለተኛው ዓመት እናታችንን ለኩላሊታቸው ሕክምና አስመጡ። አባታችን መሬቴን ጥዬ የትም አልሄድም ብለው እዚያው ቀሩ።

እዚህ ላይ የወንድሜን ሕይወት የለወጠውን ነገር እጽፋለሁ። በ2005 ቤተሰቡን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ ያገለገለ ሚኒባስ ለመግዛት ባንክ ሄደው ብድር ጠየቁ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ምሳ ላይ ተሰብስበን ሳለ ታሮው፣ የእኛ ጎደሬ፣ አልወርድ ብሏቸው አየናቸው።

«ምን አሉህ?» አለቻቸው ፉአቲኖ።

«ታሪክ የለህም አሉኝ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«አንዲት ልጅ ናት። ኮምፒውተሩን አይታ።»

«እንዴ! ኮምፒውተሩ አሳውን የት ያውቀዋል?»

ጠረጴዛው ዙሪያ የነበርን ሁሉ ተቆጣን። አሥራ አንድ ትውልድ ለሚቆጥር ሰው ታሪክ የለህም ማለት ወላጆችህ አይታወቁም ከማለት አይተናነስም። ልጅቷ ያለችው ስለ ብድር ታሪክ እንደሆነ ከመካከላችን አንድም ሰው አልገባውም። ስለዚህ ሰኞ ረፋድ ላይ ወንድሜ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ የክብር ሽርጣቸውን ታጥቀው ባንኩ መስኮት ፊት ቆሙና ከመጀመሪያው አያታችን ጀምረው ታሪካቸውን ማውረድ ያዙ።

ከኋላቸው ተሰልፎ የነበረ አንድ የቶንጋ ሰው ከተወሰነ ጊዜ በኋላ አልቻለም። «ወንድሜ፣ በፈጠረህ ቶሎ በል! ስድስተኛው አያትህ ጋ ነህ፣ እኔ የምሳ ሰዓቴ አለቀ!» አላቸው። ወንድሜ ሳይዞሩ ሰባተኛውን ቀጠሉ።

መስኮቱ ላይ የነበረችው ኩሱም የምትባል የፊጂ ሕንዳዊት ናት። ዛሬም ከመካከላችን፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። እስከ አሥራ አንደኛው ድረስ ሳታቋርጥ ሰማቻቸው።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው እዚህ መስኮት መጥቶ አያውቅም» አለቻቸው። «ባንኩ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው። ከዚህ በፊት ተበድረው ያውቃሉ?»

«እኔ? ከተወለድኩ የሰው ገንዘብ ነክቼ አላውቅም!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

«ችግሩ እሱ ነዋ። ማን እንደወለድዎት አይደለም የሚፈልጉት። ሲሰጥዎት በቀኑ ይመልሱ እንደሆነ ነው። ምንም ያልተሰጠው ሰው መመለሱ በምን ይታወቃል? እሺ፣ የቤቱ መብራት በማን ስም ነው?»

«በአጎቴ ልጅ።»

«ስልኩስ?»

«በሚስቱ።»

«እርስዎ ነዎት የሚከፍሉት?»

«በየወሩ! አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ታሪክ የሚሠሩት ለእነሱ ነው እኮ!»

ወንድሜ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኑ ብል ውሸት ይሆናል፤ መጀመሪያ ሦስት ቀን አኮረፉ። በአራተኛው ቀን መብራቱንም ስልኩንም በራሳቸው ስም አዞሩ። ኩሱም ደግሞ ትንሿን የብድር ካርድ አወጣችላቸው። በዚያች ካርድ በወር አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ቆርቆሮ የበሬ ሥጋ ብቻ ይገዙና በማግስቱ ጠዋት ሥራ ከመግባታቸው በፊት ሄደው ይከፍላሉ። ቆርቆሮውን ልጆቹ «የታሪክ ሥጋ» አሉት። ሰፈርተኛው ሳቀባቸው፤ እኔም ከሳቁት አንዷ ነበርኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ወር አላጓደሉም።

በእኛ ቤተሰብ ስምን ለዋስትና መጠየቅ ጨው እንደመጠየቅ ነው። እኔም በ2008 ሶፋ በዱቤ ልገዛ ብዬ ስማቸውን ጠየቅኋቸው። «ብር ብትጠይቂኝ ካለኝ ላይ እሰጥሽ ነበር፤ የጠየቅሽኝ ግን ስሜን ነው» አሉኝ። አንድ ዓመት አኮረፍኳቸው። ሶፋውንም በራሴ ስም ወስጄ መክፈል ስላቃተኝ በአምስተኛው ወር ሻጮቹ መጥተው ሲጭኑት ጎረቤት ሁሉ አየኝ።

በ2012 አባታችን በአሳው አረፉ። ዘመድ ተሰብስቦ ለቀብሩ ከእያንዳንዱ ልጅ የሚጠበቀውን ሲደለድል ትልቁ ድርሻ የወደቀው በበኩር ልጃቸው ላይ ነበር። በእጃቸው ያን ያህል አልነበረም። አክስታችን ላጊ፣ «አይዞህ፣ እዚህ ጥግ ያሉት አበዳሪዎች በአንድ ሰዓት ይሰጡሃል፤ እኛም ሁላችን ወስደናል» አሏቸው። ወንድሜ አልበደርም አሉ። በእጃቸው ያለውን፣ ለለቅሶ የሚሰጥ ሃያ የክብር ምንጣፍና ሁለት ካርቶን ዓሣ ብቻ ይዘው ተነሡ። ወደ ሳቫይኢ በሚያሻግረው መርከብ ወደብ ላይ፣ በዘመድ ሁሉ ፊት፣ «አባትህን በካርድህ ቅበረው!» ብዬ የጮህኩባቸው እኔ ነኝ። ማንም ደበቀችው እንዳይለኝ እዚህ ጽፌዋለሁ። እሳቸው ግን ከባድ ሻንጣዬን ተሸከሙልኝ።

አሳው ላይ ሦስት ሳምንት ቆይተው መቃብር ቆፈሩ፣ ድንጋይ አግለው ለለቀስተኛው ሁሉ በኡሙ ምድጃ ምግብ አበሰሉ፣ የአባታችንን የታሮ ማሳ አረሙ። የቤተሰቡን መሬት የሚጠብቀውን የታፋኦሎነት ማዕረግ ለማን እንስጥ የሚለው ጉባኤ ሲቀመጥ ብዙ የሰጡት ወንድሞቼ ይሆናሉ ብለን ጠብቀን ነበር። የአባታችን ታናሽ ወንድም ሲኦሊ ግን ቆመው እንዲህ አሉ፦ «እናንተ ለአንድ ቀን ክብር ብላችሁ አምስት ዓመት በዕዳ ታስራችኋል። ነገ ሲጨንቃችሁ ርስታችንንም ታስይዛላችሁ። ይኼ ልጅ ግን ተሰድቦ እንኳ አልተበደረም። መሬቱን የማምነው ለእሱ ነው።» ፔሳሚኖ ታፋኦሎ ሆኑ።

ፉአቲኖ በደስታ መሬት አልበቃትም። ከሳሞአ እንደተመለሱ መንጃ ፈቃዱን፣ ባንኩን፣ መብራቱን፣ ስልኩን፣ ሁሉንም ታፋኦሎ በሚለው ስም አስቀየረች። ለባሏ የባለማዕረግ ወረቀት በፖስታ ሲመጣ ማየት ፈልጋ ነው፤ ማንም በቦታዋ ቢሆን ያደርገው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት አከራያቸው ሚስተር ዶቢን ቤቱን ሊሸጡት ተነሡ። ለቤተሰቡ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አምስተኛ ቤቱ ነበር። ሰውየው ደግ ስለነበሩ፣ «እስከ ነጭ እሑድ የባንክ ፈቃድ ካመጣችሁ ለእናንተ፤ ካልሆነ ገዢ አለኝ» አሏቸው። ነጭ እሑድ ልጆቻችን ነጭ ለብሰው ቃል የሚያሰሙበት የጥቅምት በዓላችን ነው፤ የቀረው አምስት ሳምንት ብቻ ነበር። እናታችን በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸው በማሽን የሚታጠብበት ጊዜ ነው። አልጋቸው ላይ ሆነው ቁርጡን ተናገሩ፦ «ስድስተኛ ቤት አልሄድም። ከእንግዲህ ከዚህ የምወጣው አንዴ ነው፤ እሱንም ተሸክማችሁኝ ነው።»

ወንድሜ በሙሉ ልብ አመለከቱ። በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣ፤ ታሪክ የለዎትም ይላል። ለካስ መዝገቡ የሰባት ዓመቱን ፔሳሚኖ ላፋኤሌን አንድ ሰው፣ ታፋኦሎ ፔሳሚኖን ሌላ ሰው አድርጎ ይዟል። ወንድሜ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ዓመት ያልሞላቸው ሕፃን ሆነው ተገኙ።

ፉአቲኖ አለቀሰች። ወንድሜ ግን አልጮኹም፤ ሽርጣቸውን ታጥቀው ኩሱም ወደተዛወረችበት ቅርንጫፍ ሄዱ። የልደት ወረቀታቸው፣ የማዕረጉ ምዝገባ፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚመሰክር የዘመድ ቃለ መሐላ እንደሚያስፈልግ ነገረቻቸው። ከሳሞአ ወረቀቱን ሲኦሊ በዘጠኝ ቀን አደረሱ። መሐላውን የፈረምነው አክስታችን ላጊና እኔ ነን። ያን ጊዜ ስሜን ለሰው ስሰጥ አላመነታሁም።

በመጨረሻም ኩሱም ወረቀት አዘጋጅታ፣ «በሉ ጋሼ፣ ያንን የዘር ሐረግ አሁን ይበሉልኝ፤ ዛሬ ፈላጊ አለው» አለቻቸው።

«ታፋኦሎ የተባልኩት እኔ ፔሳሚኖ፣ የላፋኤሌ ልጅ፣ ላፋኤሌ የኢዮፑ ልጅ፣ ኢዮፑ የ...»

«ጋሼ፣ ይበቃል፣ ይበቃል! ሁለት ነው የፈለግሁት!»

አልተዉአትም፤ አሥራ አንዱንም ነገሯት። እሷም ጻፈችው። ሁለቱ መዝገቦች አንድ ሆኑ፣ ሰባቱ ዓመታት ወደ ባለቤታቸው ተመለሱ፣ ከነጭ እሑድ በፊት ባለው ዓርብ ረፋድ ላይም ፈቃዱ ወጣ። በዚያ እሑድ የልጆቹን ቃል የሰማ ሰው የለም፤ ሁላችንም ፉአቲኖ ስትጨፍር እናይ ነበር። እናታችን በዚያ ቤት ስድስት ዓመት ኖረው በ2019፣ እንደ ቃላቸው፣ ልጆቻቸው ተሸክመው አወጧቸው።

ከ2014 ጀምሮ ወንድሜ በየማክሰኞው በዚህ አዳራሽ ጠረጴዛ ዘርግተው አዲስ መጤዎችን ያስተምሩ ነበር። መጀመሪያ፣ «ተበድሮ የማያውቅ ማን ነው?» ይላሉ። ሰው ሁሉ በኩራት እጁን ያወጣል። «እንግዲህ ችግር ያለባችሁ እናንተ ናችሁ፣ ወደ ፊት ኑ» ይሏቸዋል። ዛሬ እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ሠላሳ ስምንት ቤተሰቦች በራሳችሁ ጣሪያ ሥር የምታድሩት ከዚያ ጠረጴዛ ተነሥታችሁ ነው። እኔም ሠላሳ ዘጠነኛዋ ነኝ፤ ሶፋዬም የራሴ ነው።

በዚህ ዓመት ማርች ወር የጨጓራ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሕክምናቸውን በትዕግሥት ተከታተሉ። በጁላይ ሁላችንንም ጠርተው አንድ ነገር ብቻ አዘዙን፦ «ለእኔ ቀብር አንድ ሳንቲም የተበደረ ሰው ካለ ከሳጥኑ ተነሥቼ ነው የምጠይቀው።» ኦገስት 14 ቀን 2024፣ በራሳቸው ቤት፣ ሚስታቸው እጃቸውን ይዛ፣ በተወለዱ በ63 ዓመታቸው አረፉ።

ከባለቤታቸው፣ ከአራት ልጆቻቸውና ከሰባት የልጅ ልጆቻቸው ሌላ አምስት እህትና ወንድሞች ትተዋል። ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ በስማቸው የሚያውቃቸው አምላክ ወረቀት ሳይጠይቅ ይቀበላቸው፤ ለፉአቲኖና ለልጆቹም መጽናናቱን ያብዛላቸው።

ደንብ ነውና ሁለት ገጽ ሙሉ «እሳቸው» አልኩ። አሁን መጋቢያችን ይቅር ይበሉኝና ወንድሜን እንደለመድኩት ልጥራው። ፔሳ፣ ምንጣፉ የእጃችን ሥራ ነው፤ ምግቡን ያመጡት የማክሰኞ ሰዎችህ ናቸው። ሣጥንህ የተከፈለው ካለን ላይ ነው፤ ከአክስቴ ላጊ እስከ ትንሹ የልጅ ልጅህ ድረስ አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ። ማንም አልተበደረም። አርፈህ ተኛ።